ፎከሱ ወይስ ካምሪው? የጃፓንና የአሜሪካ መኪና ከጋራዥ በኩል ሲታይ

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ጥያቄህ እንደገባኝ ከሆነ፣ በዲቪ ቨርጂኒያ ገብተህ ራይድ ልትሠራ ነው፤ ዓይንህ ያረፈው 70 ሺህ ማይል በሄደ 2014 ፎርድ ፎከስ አውቶማቲክ እና 150 ሺህ ማይል በሄደ 2012 ቶዮታ ካምሪ ላይ ነው። ካምሪው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ተጠርቶበታል። ዘመዶችህ «ከቶዮታ ሌላ እንዳትነካ» ብለውሃል፤ አንተ ደግሞ የፎከሱ በር ሲዘጋ ከበድ የሚል ድምፅ አለው፣ ውስጡም ገና አዲስ ይመስላል። «የአሜሪካ መኪና ቶሎ ይወድቃል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ነው ያልከው።

እዚሁ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ከዚያ በፊትም ዲሲ ታክሲ ነድቻለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ካምሪውን ውሰድ። ምክንያቴ ግን ዘመዶችህ ከነገሩህ ይለያል።

የፎከሱ ጣጣ ያለው ካምቢዮው ላይ ነው፤ ማርሽ የሚቀይረው ክፍል ማለቴ ነው። ከ2012 እስከ 2016 የወጡት አውቶማቲክ ፎከሶች የተለመደው ዓይነት አውቶማቲክ ካምቢዮ የላቸውም። ውስጡ የማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚለያይ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን (ክላች) አለው፣ የሚረግጥልህና ማርሽ የሚቀይርልህ ኮምፒዩተር ነው። አውራ ጎዳና ላይ ነዳጅ ይቆጥባል። ሄድ ቆም በሚል መንገድ ላይ ግን ፍሪሲዮኑ ሳይያዝም ሳይለቅም እየተፋተገ ይሞቃል፣ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ዘይት አሾልኮ ከነካው ደግሞ ይባስ መንሸራተት ይጀምራል። ሐሜት እንዳይመስልህ፣ ፎርድ በዚህ ካምቢዮ ምክንያት ዋስትና አራዝሟል፣ በባለቤቶች የጋራ ክስም ቀርቦበታል። አንተ ደግሞ ጠዋት ማታ በሚጨናነቀው የ395 አውራ ጎዳና ላይ ልትሠራ ነው። ያው ፎከስ ባለ ማንዋል ካምቢዮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አጥብቄ አልከለክልህም ነበር።

አሁን «እንግዲያው የጃፓን ልግዛ» ብለህ ወደ 2013 ወይም 2014 ኒሳን አልቲማ እንዳትዞር። እሱም ጃፓን ነው፣ ግን ሲቪቲ የሚባለው፣ በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራው ካምቢዮው ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ ኒሳንም ለ2013–2016 አልቲማ የካምቢዮውን ዋስትና ለማራዘም ተገዷል። ቶዮታም ቢሆን ንጹሕ መልአክ አይደለም። ከ2007 እስከ 2009 የወጣው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ በፒስተን ቀለበቶቹ ምክንያት ዘይት በመብላት ይታወቃል። የ1995–2000 ታኮማ የሚባለው ፒክአፑ ሻንሲው በዝገት ስለተበላ ቶዮታ ከገበያ ዋጋው በላይ እየከፈለ መልሶ ገዝቶታል። በ2024 ደግሞ በማምረቻ ጊዜ ሞተር ውስጥ በቀረ የብረት ፍርፋሪ ምክንያት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ቱንድራ (ትልቁ ፒክአፕ) እና ሌክሰስ (የቶዮታ የቅንጦት መኪና) ለጥገና ተጠርተዋል። በቀጣዩ ዓመት በ2025 የአሜሪካው ጂኤም (ጀነራል ሞተርስ) በበኩሉ ባለ 6.2 ሊትር ሞተር የጫኑ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ትልልቅ መኪኖቹን ጠርቷል። አንተ ያየኸው 2012 ካምሪ ዘይት ከሚበላው በኋላ የመጣው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ያለው ነው። ውሰድ ያልኩህም ለዚህ ነው፤ 2008 ቢሆን ኖሮ ቶዮታ መሆኑ ብቻውን አያድንህም።

ለመሆኑ ቶዮታ ስሙን ያገኘው በምን ነው? በእኔ እይታ በዘገምተኝነቱ ነው። ሌላው ስድስት ማርሽ፣ ሁለት ፍሪሲዮን ሲል የ2013 ኮሮላ ገና በአራት ማርሽ ይሄድ ነበር። ጋዜጠኞች ሳቁበት። እኛ ጋራዥ ያለነው ግን ያንን ካምቢዮ የምንፈታው ከስንት አንዴ ነው። ፎርድ በተቃራኒው አዲሱን ካምቢዮ ርካሽ መኪናው ላይ አድርጎ ለሕዝብ በተነው፤ የሙከራው ክፍያ ከገዢው ኪስ ወጣ።

ልዩነቱ የጃፓንና የአሜሪካ ሠራተኛ ጉዳይ ነው የሚሉህን አትስማ። ካምሪ ከ1988 ጀምሮ ኬንታኪ ጆርጅታውን ውስጥ ይገጣጠማል፣ የሆንዳው አኮርድ ከ1982 ጀምሮ ኦሃዮ። ካምሪውን ስታይ በሾፌሩ በኩል በንፋስ መከላከያው መስታወት ሥር ያለውን ቁጥር አንብበው፤ ብዙ ጊዜ በ4 ይጀምራል፣ አሜሪካ ተሠራ ማለት ነው። በJ ፊደል የሚጀምር ጃፓን፣ በ3 የሚጀምር ሜክሲኮ። ብዙዎቹ ፎርድ ፊዩዥኖች 3 ናቸው! ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የካሊፎርኒያው የፍሪሞንት ፋብሪካ ነው። የጂኤም ነበር፣ ሥራው ተበላሽቶ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ቶዮታና ጂኤም በሽርክና ሲከፍቱት ከድሮዎቹ ሠራተኞች ብዙዎቹን መልሰው ቀጠሩ፤ ስህተት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ መሥመሩን ማስቆም እንዲችል ተፈቀደለት። እነዚያው እጆች በአጭር ጊዜ ውስጥ ጥሩ መኪና አወጡ። የጂኤሙ ፖንቲያክ ቫይብ የሚባለው እዚያ የተሠራ ነው፤ ሞተሩም አካሉም የቶዮታ ማትሪክስ መንታ ነው፣ ግን ፖንቲያክ የሚል ስለተለጠፈበት በርካሽ ይሸጥ ነበር። ዛሬ አርጅቷል፣ ለራይድ አይሆንህም፤ ለቤት መኪና ፈላጊ ግን አሁንም እመክራለሁ።

ታክሲ የነዳሁት በፎርዱ ክራውን ቪክቶሪያ ነው። ነዳጅ እንደ ውሃ ይጠጣል እንጂ ሞተሩን ሳልከፍተው ነው የተለያየነው። አሜሪካኖቹ ትልቅ ሞተር ቀለል ባለ አሠራር ሻንሲ ላይ ሲጭኑ እስከ ዛሬ የሚያህላቸው ጥቂት ነው። የሚከብዳቸው ትንሽና ርካሽ መኪና ነው።

ስለ በሩ ድምፅ። ያ ድምፅ የማሸጊያ ጎማና የመቆለፊያ ጉዳይ ነው፣ ከሞተሩ ጋር አይነጋገርም። በውስጥ ዕቃና በቀለም ጃፓኖቹ ሁልጊዜ አይበልጡም። በርካታ የ2007–2011 ካምሪ ዳሽቦርድ በፀሐይ ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር፤ ነጭ ቶዮታ ላይ ቀለሙ የተላጠበትን መንገድ ላይ ታያለህ። ወንበርና ኤሲ ከጠየቅከኝ የአሜሪካኑን እመርጣለሁ።

ዘመዶችህም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ሀገር ቤት ቶዮታ የነገሠው በጥንካሬው ብቻ ሳይሆን፣ ሲሰበር ሶማሌ ተራ ዕቃው ስለማይጠፋና የትኛውም መካኒክ ስለሚያውቀው ጭምር ነው። እዚህ ያ ብልጫ የለም፤ የሼቭሮሌትና የፎርድ ዕቃ ሰፈር ካለው መደብር ታገኛለህ፣ ብዙ ጊዜም በርካሽ።

ገንዘብህ ከተረፈ ካምሪ ሃይብሪድ ፈልግ። ካምቢዮው ውስጥ ፍሪሲዮንም እንደ ሲቪቲው የሚበጠስ ቀበቶም የለም፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተርና ጥርሶች ብቻ ናቸው። ፎርድም ኢስኬፕ ሃይብሪድን የሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፣ የኒው ዮርክ ታክሲዎችም ብዙ አሽከርክረውታል።

አሁን ወደ ካምሪው። «ቶዮታ አይበላሽም» የሚባለው ተረት ራሱ ቶዮታ ይገድላል፤ ባለቤቱ ዘይት መቀየር ይረሳል። ስለዚህ ኮፈኑን ክፈትና የዘይት መለኪያውን መዝዘህ በነጭ ሶፍት ጥረገው። ቡናማ ከሆነ ደህና፣ ወፍራም ጥቁር ሆኖ የሚጣበቅ ከሆነ ወይም ደረጃው ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ጠይቅ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተህ ገልብጠው፤ ሥሩ ላይ እንደ ሬንጅ የተጋገረ ነገር ካለ አመስግነህ ሂድ። ከሥሩ ጎንበስ ብለህ የክረምት ጨው የበላው ብረት መኖሩን እይ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ልትሰማው ስለሚገባ፣ ከመሄድህ በፊት ደግሞ ለሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሳው ንገረው፤ ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ንካ፣ ሞቆ ከጠበቀህ ቀጠሮውን ለነገ ጠዋት አዙረው።