«አርምስ» ክንድ ነው ወይስ መሣሪያ?

እህቴ፣ «አርም ክንድ ከሆነ፣ ዜና ላይ አርምስ ሲሉ እንዴት የጦር መሣሪያ ይሆናል? ክንድ ጉልበት ስለሆነ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አይደለም። ግን እንደዛ ብታስቢ አልፈርድብሽም። እኛ «ክንደ ብርቱ» እያልን ነው ያደግነው።

ማታ ማታ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ይሄ ቃል ብዙ ተማሪ ያደናግራል። አንድ ጎበዝ ልጅ «ስሞል አርምስ» የሚለውን «ትንንሽ ክንዶች» ብሎ ጻፈልኝ። ቀላል የጦር መሣሪያ ማለት ነው። «አንአርምድ» የሚለውን ደግሞ «ክንድ የሌለው» አለው። ያልታጠቀ ለማለት ነው። ደብተሩን ይዤ ሰሌዳው ጋ ሄድኩ፤ የዚያን ምሽት ትምህርት በዚሁ አለቀ።

ሁለቱ ቃላት የገቡበት በር ይለያያል። ክንድ የሆነው አርም የእንግሊዝኛ የራሱ፣ የጥንት ቃል ነው። ጀርመኖችም ክንድን አርም ነው የሚሉት። መሣሪያ የሆነው ግን ከላቲኑ «አርማ» ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከጎረፉት ቃላት መሃል ነው። በጣም ወደ ኋላ ከሄድሽ፣ የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱንም «መግጠም፣ ማያያዝ» ከሚል አንድ ሥር ያመጧቸዋል።

እኔ የምወደው ላቲኑን ነው። ሮማውያን የሚወረወረውን «ቴላ» ሲሉ፣ ጋሻውን፣ የራስ ቁሩን፣ ሰውነት ላይ የሚገጠመውን በተለይ «አርማ» ይሉት ነበር። አሁን «ትጥቅ» የሚለውን ቃላችንን አስቢው። መታጠቅ ወገብን ማሰር ነው። ጦረኛው ታጥቆ ይወጣል፣ ሲሸነፍ ትጥቁን ይፈታል። ስለዚህ «ሌይ ዳውን ዩር አርምስ» ሲመጣብሽ «ትጥቃችሁን ፍቱ» በይው። «መሣሪያ አስቀምጡ» ስህተት አይደለም፤ «ትጥቅ» ግን ከነነፍሱ ነው የሚያመጣው።

ለመለየት ቀላል ነው። የመሣሪያው አርምስ ሁሌም ማለት ይቻላል በብዙ ቁጥር ነው የሚመጣው። «ኮት ኦፍ አርምስ» ከሆነ ግን የአገር ወይም የቤተሰብ አርማ ነው፤ ስሙን ያገኘው ፈረሰኞች ከብረት ልብሳቸው በላይ ከሚደርቡት ምልክት ያለበት ካባ ነው።

አንድ ልጨምርልሽ። ስልክሽ ላይ የምትሞይው አላርምም ከዚሁ ቤት ነው። ጣሊያኖች ጠላት ሲመጣ «አላርሜ!» ብለው ይጮኹ ነበር። «ወደ መሣሪያችሁ!» ማለት ነው፤ በእኛ «ክተት!» እንደማለት።