አባቴ አኮረፈ፣ ወንድሜ ቀብድ ተቀበለ

ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ጫማ ሰፍቷል። ከአምስት ዓመት በፊት እኔና ታላቅ ወንድሜ ገባንበትና የተራራ ጫማ ጀመርን። ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፣ ሶሉ ጥርስ አለው። ቆዳውን የሚመርጠው አባቴ ነው። ሞጆ ሄዶ እያጠፈ፣ እያሸተተ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የባሌ ተራራ አስጎብኚዎች ወደዱልን። በወር ሃያ ጥንድ የነበረው ሰማንያ ደረሰ።

አሁን አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በሁለት ወር 600 ጥንድ አዘዘን። ወንድሜ ሳያማክረን ቀብድ ተቀበለ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግረውም። ባለፈው ክረምት ተቻኩለን ከሠራነው አሥራ አንድ ጥንድ ሶሉ ተገንጥሎ ተመልሶብናል። ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ደመወዝ ስጠይቅ «የቤታችን አይደል እንዴ?» እባላለሁ። ሥራውን እንቀበል ወይስ ቀብዱን እንመልስ?

ሁለቱ መሃል ያለሁት

ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ስለ 600 ጥንድ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ስለ ደመወዝሽ በጨረፍታ ያለፍሽው ነገር ነው።

«የቤታችን» የማን ነው? ንግድ ፈቃዱ በአባትሽ ስም ከሆነ (እንደሚሆን ገምቼ ነው) ወንድምሽ የተቀበለው ቀብድ የሳቸው ዕዳ ነው። ታዲያ ቢያኮርፉ ይፈረድባቸዋል?

ነጋዴው ጋ ነገውኑ ደውሉ። በወር ሰማንያ የሚሠራ ቤት በሁለት ወር 600 አያወጣም፤ ደብተሩ አንቺ ጋ ነው፣ አሳዪው። መጀመሪያ 150 ተረከብ፣ ሌላው በየወሩ ይመጣል በሉት። እምቢ ካለ ቀብዱን መልሱ። ማሽን ተበድረን እንግዛ የሚል ሐሳብም ይመጣል። ይምጣ፣ ግን ማስቲሽ አይቸኩልም። ቆዳው ካልተፋቀ፣ ሁለቱም ፊት ተቀብቶ ነፋስ ካላገኘ፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ ረዘም ካላለ፣ ያው ሶሉ ይገነጠላል። ያለ አባትሽ ዓይን አንድም ጫማ ከቤት አይውጣ።

ከዚያ ሦስታችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ የሚጠይቀው ካፒታል 15 ሺህ ብር ነው። የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ደመወዝሽም ይጻፍ፣ የወንድምሽም።

ወንድምሽ አባቱ ያዘገዩት ይመስለው ይሆናል። ጣሊያን ውስጥ ላ ስፖርቲቫ የሚባለውን የተራራ ጫማ ድርጅት ናርቺሶ ዴላዲዮ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲጀምረው ለእንጨት ቆራጮችና ለገበሬዎች ነበር የሚሠራው። ዛሬ ተራራ ወጪ ሁሉ ያውቀዋል፣ ቤተሰቡም አልለቀቀውም። እነሱ ትውልድ ፈጀባቸው፣ ለእናንተ ሁለት ወር ተሰጣችሁ!

የአባትሽን ኩርፊያ በሽማግሌ አልጀምረውም። ቀጣዩ የሞጆ ጉዞ ሲደርስ አንቺ ሥራ ይብዛብሽና ወንድምሽን ከአባትሽ ጋር ላኪው። ግማሽ ቀን ሙሉ ቆዳ እያገላበጡ ዝም ሊሉ አይችሉም።