ትናንት አራስ፣ ዛሬ ባለ ድግስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ገና ናቸው። ስለ ዶሮ ዋጋ እንዳይመስላችሁ፣ እሱንማ ተስፋ ቆርጠን ትተነዋል። የጻፉልኝ በቅርቡ የወለዱ እናቶች ናቸው፣ አንድ አባትም አለበት። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ረዘም አድርጋ ስለጻፈች እኔም ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፣ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ነሐሴ 20 ነው፣ ሴት ናት። ዕንቁጣጣሽም መስቀልም አልጋ ላይ ሆኜ ነው ያለፉኝ። እናቴ እኔ ቤት ነበረች፣ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጠያቂው፣ ቤቱ በሰው ጢም እንዳለ ነበር። ኅዳር 4 ክርስትና አስነሳናት። ከዚያ እናቴ ወደ ቤቷ ሄደች፣ የወሊድ ፈቃዴም አለቀና ሥራ ገባሁ። አሁን ደግሞ ገና መጣ። አማቴ ደብረ ብርሃን ናቸው፣ «የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ገና እኔ ቤት ነው፣ ዘመድ ሁሉ ሊያያት ይጠብቃል» ብለዋል። እናቴ ጉለሌ ናት፣ «ሰማንያ ቀን ያረስኩሽ እኔ፣ በዓሉን ሌላ ቤት?» ትላለች። የባሌ እህት ላስታርቅ ብላ «በቃ እናንተ ቤት ይሁንና ሁላችንም እንምጣ» አለች። ቆጠርኩት፣ አሥራ አምስት ሰው ነው። ባሌን ስጠይቀው «አንቺ እንዳልሽ» ይለኛል። ልጅቷ ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሳለች። ብቻዬን ዶሮ ሠርቼ አላውቅም። እምቢ ብል ኮራች ልባል ነው፣ እሺ ብል ልወድቅ ነው። ባለፈው እሑድ ሽንኩርት እየላጥኩ አለቀስኩ፣ ባሌ የሽንኩርቱ መስሎታል።
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ «የሽንኩርቱ መስሎታል» የሚለው ጋ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ቡና ላፈላ ተነሳሁ። እኔም በዚያው አልፌያለሁ።

የአራስ ባህላችን ቆንጆ ነው፣ ማንም ቢመጣ እከራከርለታለሁ። ችግሩ ቆጠራ አለው። ለወንድ 40፣ ለሴት 80። እስከዚያ ድረስ ውሃ እንኳን ራስሽ አትቀጂም፣ በር ሲከፈት «ብርድ ይገባባታል» ተብሎ ይጮሃል፣ የማታውቂያት ጎረቤት ሳትቀር አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ክርስትናው አልቆ ድንኳኑ ሲነቀል ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ውልቅ ይላል። በ81ኛው ቀን አንቺ አራስ አይደለሽም። ልጅቷ ግን ይህን አታውቅም፣ ሌሊት መነሳቷን አላቆመችም። ያንቺን ቀን ቆጥሬ ደግሞ ገረመኝ። 80ው የሞላው ኅዳር 4 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከወሊድ በኋላ የሚሰጥሽ 90 ቀን ያለቀው ኅዳር 14 አካባቢ ነው። ባህሉም ሕጉም በአሥር ቀን ልዩነት እጃቸውን አነሱልሽ ማለት ነው። በማግስቱ ጾመ ነቢያት ገባ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሁሉም ሰው ካንቺ ዶሮ ይጠብቃል። ትናንት የምትጎርሺ ነበርሽ፣ ዛሬ የምታጎርሺ ሆንሽ። በመሀል ማንም «አሁንስ ቻልሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀሽም። ያለቀስሽው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ባልሽ። እንደ ደብዳቤሽ ከሆነ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አልልም። ግን «አንቺ እንዳልሽ» የምትለዋ ቃል ጨዋ መስላ ሰው ታስጨርሳለች። ምክንያቱም ደብረ ብርሃን ካልሄዳችሁ «እሷ ከለከለችው» ነው የሚባለው። ከሄዳችሁ ደግሞ እናትሽ «ለነሱ አደላች» ይላሉ። እሱ ሁለቱም ጋ ነጻ ነው። (ለነገሩ ሕጉም ያስለመደው ነገር አለ፤ በዚሁ አዋጅ ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን! ልጅ ጡት አያያዝ እስኪለምድ እንኳን ከዚያ በላይ ይፈጃል።) ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሱ ነው፣ ለእናቱ የሚደውለው እሱ ይሁን። አንቺ ስልኩንም አትያዢ። እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «እማዬ፣ ዘንድሮ ልጅቷ ገና ናት፣ ብርዱም ከባድ ነው፣ አንመጣም። እኔ ነኝ የወሰንኩት። ለፋሲካ ይዘናት እንመጣለን።» «እኔ ነኝ የወሰንኩት» የምትለዋን እንዳይዘላት፣ እሷ ናት ቁም ነገሯ።

አለመሄዳችሁን ደግሞ እኔም እደግፋለሁ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ አይደለም። ግን ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እዚያ ልጅ አያድግም እያልኩ እንዳይመስልብኝ፣ የደብረ ብርሃን አንባቢዎቼ ይጣሉኛል። እነሱ ለምደውታል፣ ያንቺዋ አልለመደችም። ያ ብቻም አይደለም። በበዓል ሰሞን የሚኒባሱን ግፊያ ታውቂዋለሽ፣ ግማሹ ተሳፋሪ ይስላል። ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ሠላሳ ሰው በየተራ ጉንጯን ይስማታል። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው፣ ልጅሽ ገና አራት ወሯ ነው። ለፋሲካ ግን ሰባት ወር አልፏት፣ ቁጭ ብላ፣ ገንፎ ጀምራ፣ ፀሐዩም ሞቆ ትሄዳለች። አያቷም በደንብ ያጫውቷታል።

ይህ ማለት አማትሽ ይቅሩ ማለት አይደለም። ይምጡ። ግን በበዓሉ ዕለት ከዘመድ ጋር ግር ብለው ሳይሆን ሦስት አራት ቀን ቀደም ብለው፣ ሊሰነብቱ ይምጡ። ሲመጡ ልጅቷን ስጫቸው። እውነቴን ነው፣ አውጥተሽ ስጫቸውና ሄደሽ ተኚ። ብዙ አማት የምትቀየመው የልጅ ልጇን እንደ እንግዳ ለአምስት ደቂቃ አቅፋ ስትመልስ ነው። ሲያጥቧት፣ ሲያስተኟት፣ ሲያዝሏት ከዋሉ «የመጀመሪያው ገና» የተባለው ነገር አገኙት ማለት ነው፣ ቤቱ የማንም ይሁን።

የገና ዕለት ጠዋት ደግሞ ሁላችሁም፣ አማትሽን ጨምሮ፣ እናትሽ ጋ ጉለሌ ሂዱ። ሁለቱ አያቶች አብረው ይብሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤት። አሥራ አምስቱ ሰዎችስ? ለባልሽ እህት «ገናን አልችልም፣ በሚቀጥለው እሑድ ለቡና ኑ» በያት። ቡና፣ ዳቦ፣ ቆሎ። አለቀ። «እኛ እኮ ወልደን በሳምንቱ እንጀራ ጋግረናል» የምትል አትጠፋም። «በርታችኋል» ብለሽ እለፊው። ሌላ መልስ አያስፈልገውም።

የግድ ቤትሽም ዶሮ ይኑር ካልሽ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብልቱ ወጥቶና ታጥቦ የሚሸጥ ዶሮ አለ፣ የተከተፈ ሽንኩርት አለ፣ ሰፈር ውስጥ ቁሌት አብስለው የሚሸጡ ሴቶችም አሉ። ጠያይቂ። ዶሮዋ 12 ብልት አልወጣላትም ብሎ የሚቆጥር እንግዳ ከመጣ፣ ራሱ ይገንጥላት። ወይም ባልሽ ቅርጫ ይግባና ጥብስ ይጥበስ፣ ወንዶች ጥብስ ላይ እኔ ነኝ ያለ ባለሙያ ናቸው።

አንድ የጓዳ ምስጢር ልንገርሽ። ሰው ሲበዛብሽ «ላጥባት» በይና መኝታ ቤት ግቢ። የሚከራከርሽ የለም። እኔ ባጠባሁበት ዓመት የእንቅልፌን ግማሽ ያገኘሁት በዚህች ዘዴ ነው። የትልቁ ልጄ የመጀመሪያ በዓል ፋሲካ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ሳስተናግድ ዋልኩ፣ ማታ ላይ ልጄን ስፈልገው ስሟን በማላውቃት እንግዳ እቅፍ ተኝቶ አገኘሁት። እስከ ዛሬ ያንን በዓል ሳስበው ትዝ የሚለኝ የወጡ ጨው እንጂ ልጄ አይደለም።

ጥምቀትን ሳልረሳ። ከገና በኋላ 12 ቀን ብቻ ነው ያለው፣ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። የከተራ ዕለት ጃን ሜዳ ማደሩ ለዘንድሮ ይቅርብሽ። የሰፈራችሁ ታቦት ሲያልፍ ዳር ቆመሽ፣ በነጠላ ሸፍነሽ አሳያት። ይበቃታል፣ ላንቺም ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ወንድ ልጄ ሦስት ወሩ ነው። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታለች። 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ የወሰድኩት ፈቃድ አልቋል። የኛ ገና ደግሞ የሥራ ቀን ነው፣ እኔም ባሌም እንገባለን። የፈረንጆቹ ገና ዕለት ልጄን ዛፍ ሥር አስቀምጬ ፎቶ ሳነሳው እናቴ ዝም ብላ አየችኝና «የኛስ በዓል መቼ ነው?» አለች። ማታ ስታለቅስ ሰማኋት። በፎቶው ተቀይማ ይሆን?

መልስ፦ ፎቶው ምንም አላጠፋም፣ አስቀምጪው። ሲያድግ ይስቅበታል። እናትሽ ያለቀሱት በፎቶው አይመስለኝም። እስቲ አስቢው፣ ስንት ዓመት ሙሉ በገና ዋዜማ ቤቱን ሲያሰናዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎረቤት አለ፣ ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ። አሁን ያሉት አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው፣ ዕጣን ባጨሱ ቁጥር ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ይጮህባቸዋል። አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ፣ ባልሽ ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ከሦስት ወር ልጅ ጋር ነው። ለአራስነትሽ ጠያቂ መጥቶልሽ ይሆናል፣ ለሳቸው ግን ጠያቂ የላቸውም።

ስለዚህ በዓሉን ለሳቸው ስጫቸው። ከሳምንት በፊት ሐበሻ ሱቅ ውሰጃቸውና ቅመሙንም ቅቤውንም ራሳቸው ይምረጡ፣ አንቺ ክፈዪ ብቻ። ጃንዋሪ 6 ማታ፣ ማለትም ዋዜማውን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው ሰው ፈልጊ። እናንተ ሥራ ገቢ ስለሆናችሁ ከልጁ ጋር ተኙ፣ ኃጢአት አይደለም። መሄድ ካልቻሉ ደግሞ በናንተ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ለጎረቤቶቻቸው በቪዲዮ ደውይላቸው። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ የገና ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ፣ ዶሮው እየሞቀ ነው። ያለቅሱ ይሆናል፣ ያልቅሱ። ዋናውን ድግስ ቅዳሜ አድርጉት፣ የናንተን ጓደኞች ብቻ ሳይሆን እንደሳቸው ልጅ ሊያርሱ የመጡ ሌሎች እናቶችንም ጥሩ። እናንተ አካባቢ አይጠፉም። ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ስለ አሜሪካ ሽንኩርት ሲያማርሩ ስትሰሚ፣ ያኔ በዓል መጥቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው፣ አባት ነኝ። ልጄ አምስት ወሩ ነው። እናቴ በበዓሉ ቀን ጣቷን ቅቤና የዶሮ ወጥ ነክራ ልታቀምሰው ትፈልጋለች፣ ማር ደግሞ ለሳል ነው ትላለች። «አንተም እንዲሁ ነው ያደግከው» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ባለቤትህን ሳትልክ ራስህ በመጠየቅህ መጀመሪያ አመሰግንሃለሁ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አይጨመርም። የጤና ሚኒስቴርም የዓለም ጤና ድርጅትም የሚሉት ይህንኑ ነው፣ በዓል ሲሆን አይለወጥም። ማሩ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጨርሶ አይሰጥም፣ ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ የሚያመጣ ጀርም ሊኖር ይችላል፣ የሕፃን አንጀት ደግሞ አይቋቋመውም። ካሳለው ጤና ጣቢያ ውሰደው። ስለ ቡናውም አንድ ነገር፣ ከሰሉ ውጭ በደንብ ይቀጣጠል፣ ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት፣ ማታ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም እንዳይተኛ። ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፣ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል።

ለእናትህ «አይሆንም» ብቻ ብለህ አትተዋቸው። የበዓል ልብሱን እሳቸው ይግዙለት፣ እሳቸው አጥበው ያልብሱት። ልጁ 6 ወር የሚሞላበትን ቀን ደግሞ ካላንደር ላይ አብራችሁ አክብቡ። ያን ዕለት ገንፎውን እሳቸው ያገንፉ፣ የመጀመሪያዋን ማንኪያም እሳቸው ያጉርሱት።