«ከርዕሱ ወጥተሻል»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። የአማርኛ መምህሯ «የዓሣ ሀብት ጠቀሜታ» በሚል ርዕስ ድርሰት ጽፋችሁ ኑ አሏቸው። እሷ ስለ አያቷ ጻፈች። አባቴ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ መረብ ይጠግናሉ። ከ10 አራት አገኘች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «መግቢያ የለውም። ኃይለ ቃሉ የታለ? ከርዕሱ ወጥተሻል» ብለው ጽፈውበታል። ጓደኛዋ ከታላቅ ወንድሟ ደብተር ገልብጣ 9 አግኝታለች። ልጄ አሁን «ከእንግዲህ እኔም እንደነሱ ነው የምጽፈው» ትለኛለች። ምን ልበላት? ድርሰቱን አብሬ ልኬልዎታለሁ።

እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ ድርሰቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ለሥራ ብዬ አይደለም፣ ደስ ብሎኝ ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ያንን ቀይ እስክሪብቶ እኔም ይዤው ኖሬያለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ሐዋሳ አማርኛ አስተምሬያለሁ። አንድ ክፍል 62 ተማሪ፣ የማስተምረው አራት ክፍል። አንድ የቤት ሥራ ስሰጥ 248 ድርሰት ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ብሰጥ እንኳ ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። ያውም መብራት ካልጠፋ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? መላ ዘየድኩ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይሁን፣ ዋናውን ሐሳብ የሚይዝ። ከዚያ «በመጀመሪያ ደረጃ»፣ «በሁለተኛ ደረጃ»። መጨረሻ ላይ «በአጠቃላይ»። ሳርም አላነብም፤ እነዚህን ቃላት ዓይኔ ይፈልጋል፣ ካገኘ ራይት ያደርጋል። ለተማሪዎቹ እንዲመች ነው እል ነበር። የተመቸው ለእኔ ነው።

አንድ ዓመት «ሐይቃችን» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ድርሰቶቹ ሁሉ በአንድ ሰው የተጻፉ ይመስሉ ነበር። «ውሃ ለሰው ልጅ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ነው» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ለመጠጥ፣ ለመስኖ፣ ለቱሪዝም። የትኛው ሐይቅ እንደሆነ አይታወቅም። ጣናም ሊሆን ይችላል፣ ዝዋይም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የክፍላችን ጣሪያ ላይ ቆሞ ሲንኳኳ እየሰሙ ነው የጻፉት፤ አንድም ልጅ አባ ኮዳን አልጠቀሰም። በእነሱ አልፈረድኩም። ሐይቁን እዩት ያላቸው ማን ነው?

የዚህ ነገር ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቅርጹ ልጁ ሳያስብ ገጽ እንዲሞላ ያስችለዋል። ካላመንሽኝ የልጅሽን ጓደኛ ድርሰት ተዋሺና «ዓሣ» ያለውን ሁሉ «ማር» በይው። አንድም ነገር አይበላሽም። «ማር በሀገራችን ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው።» ቡናም አድርጊው፣ ይሄዳል። አሁን ወደ ልጅሽ ነይ። «አያቴ መረቡን ሲጠግኑ አያዩትም። ዓይናቸው ሐይቁ ላይ ነው። መረቡን የሚያየው ጣታቸው ነው።» እስቲ እዚህ ውስጥ ማር አስገቢ።

ቅርጽ ራሱ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪን የሚያክል በቅርጽ የታሰረ ማን አለ? ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ የሚባለው ስምንት። ዜማውም ልኩም የተወሰነ ነው። ግን አንድ ሌላ ሕግ አለ፦ ቅኔ አይደገምም። የትናንቱን ቅኔ፣ የጓደኛህን ቅኔ ይዘህ ብትቀርብ ማንም አይቀበልህም። ዛሬ አዲስ ትቆጥራለህ። እኛ ልኩን ይዘን አዲሱን ነገር ጣልነው።

ቻይናዎችም ስምንት ነገር ነበራቸው። ለመንግሥት ሹመት የሚፈተን ሰው «ባለ ስምንት እግር» የሚባል ድርሰት ይጽፍ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ስምና ቦታ አለው። ተፈታኞቹ የቀደሙትን ጥሩ ድርሰቶች ሸምድደው ይገቡ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1905 የሹመት ፈተናው ራሱ ቀረ። የልጅሽ ጓደኛ የወንድሟን ደብተር ስትገለብጥ ትዝ ያሉኝ እነሱ ናቸው።

«ለፈተና ይጠቅማል» የሚል ሰው አይጠፋም። የቱ ፈተና? 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ልጆቹ መልስ ይመርጣሉ እንጂ ድርሰት አይጽፉም። በእርግጥ ለደብዳቤ ይጠቅማል። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» እያሉ ለቀበሌ መጻፍ የሚመጣው ከዚያው ትምህርት ነው። ለቀበሌ ግድ የለም። ለአያት ግን አይሆንም።

አሁን ምን ታደርጊ? መምህሩ ዘንድ ሂጂ፣ ግን ለክስ አይሁን። ሰውየው ክፉ አይመስሉኝም፣ ደክሟቸዋል። ርዕሱም ራሱ «ጠቀሜታ» የሚል ነውና ልጅቷ በእርግጥ ወጥታበታለች፤ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ነጥብ ይጨመርላት አትበይ። «አምስት ደቂቃ ይስጡኝ» በይና ያቺን ስለ ጣት የተጻፈችውን አንቀጽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። 62ኛ ሆኖ በሌሊት የተነበበ ወረቀት ሌላ ነው፣ በጆሮ የተሰማ ሌላ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ አፍሬ ሁለት ነጥብ እጨምር ነበር።

ልጅሽን ደግሞ መግቢያውን በመጨረሻ ጻፊው በያት። መጀመሪያ ያየችውን ታስፍር። ማንን እንደምታስተዋውቅ ካወቀች በኋላ ማስተዋወቁ አይከብዳትም። መምህሩ ኃይለ ቃል ከፈለጉም ይኸው፦ «አሞራ ገደል ቆሮሶ የሚበላ ሁሉ የአያቴን ጣት ሳያውቅ ይበላል።» እሷው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጽፋዋለች፤ ወደ ላይ ማውጣት ብቻ ነው። አሁን ርዕሱም ውስጥ ገባች።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የድርሰቱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር «በአጠቃላይ ዓሣ ለሀገራችን ኢኮኖሚ ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው» ይላል። ፈርታ የለጠፈችው ነው፣ ያስታውቃል። ትሰርዘው። በምትኩ የጎደለውን ትጻፍልኝ። አያቷ የሚጠግኑት መረብ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው ብላለች። ማን ቀደደው? አምባዛ ነው ወይስ ጉማሬ? እሱን ሳትነግረኝ ነው ያለፈችው።