ቁስለኛውን በዓይኑ ለማያየው ሐኪም

በራጅ ሙያ ለተሰማራችሁና ለመሰማራት ለምታስቡ የወሎ ልጆች፤

ዕድሜዬን ደሴ ላይ በራጅ ክፍል ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፣ በጦር ሜዳ ሆስፒታል ምስል አንሥቶ ሩቅ ላለ ራዲዮሎጂስት፣ ማለትም ምስሉን አንብቦ ለሚተረጉም ሐኪም፣ ስለመላክ የማምንበትን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ይህ ሙያ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተገናኘው ገና ሲወለድ ነው። ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኘው በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ሲሆን፣ እዚሁ አምባሰል ውስጥ በተፈረመው የውጫሌ ውል ሰበብ የተነሣው ጦርነት አድዋ ላይ የተቋጨውም በዚያው ዓመት የካቲት ነው። ከዚያ ዘመቻ ቆስለው ከተመለሱት የኢጣሊያ ወታደሮች በሁለቱ ክንድ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች፣ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ናፖሊ ላይ በራጅ ፈልጎ አገኛቸው፤ ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለው መጀመሪያ ያኔ ነው ይባላል።

ዛሬ ምስሉ ከድንኳን ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሩቅ ከተማ ይደርሳል። ይሁን እንጂ እዚያ ያለው ሐኪም ቁስለኛውን አይዳስስም፣ ትንፋሹንም አያዳምጥም፤ የሚያየው እናንተ ያሳያችሁትን ብቻ ነው። ጥይት ወይም ፍንጣሪ ከፊት ብቻ በተነሣ ራጅ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ ከአጥንቱ ፊት ይሁን ከኋላው የሚለየው ከጎን የተነሣው ሁለተኛው ምስል ነው። ጥይቱ በገባበትና በወጣበት ቆዳ ላይ የወረቀት ክሊፕም ቢሆን በፕላስተር ለጥፉ፤ የቀኝና የግራ ምልክትም አይቅር። በጀርባው በተኛ ቁስለኛ ደረት ውስጥ የፈሰሰ ደም ወደ ኋላ ስለሚዘረጋ፣ ምስሉን በስሱ ከማደብዘዝ በቀር ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ተኝቶ ይሁን ተቀምጦ መነሣቱን ጻፉ። ይህችን አንዲት ቃል የሚዘነጋ ባለሙያ ያሳዝነኛል፤ አንባቢውን በጨለማ ያስኬደዋልና።

ኔትወርክ ሲደክም ምስሉን በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ ይቀላል። ሆኖም ፎቶው ረቂቁን የግራጫ ልዩነት ስለሚያጠፋው፣ ሐኪሙ ብርሃኑን እየለዋወጠ ሳንባውንና አጥንቱን ለየብቻ መመርመር አይችልም። ዋናውን የዳይኮም ፋይል፣ ማለትም ከማሽኑ የወጣውን ያልተነካካ የሕክምና ምስል ፋይል፣ ላኩ፤ መስመሩ ሁሉንም ካልቻለ የደረቱ ይቅደም።

ድንኳን ጨረር እንደማያግድም ዕወቁ፤ ከማሽኑ ያላችሁን ርቀት እጥፍ ብታደርጉት የሚደርስባችሁ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊትም «አብሽር ወንድሜ፣ አየር ሳብና ትንፋሽህን ያዝ» በሉት፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምስሉ ስለሚደበዝዝ ማጽናናቱ የሥራው አካል ነው።

ደሙ እየፈሰሰ ለሚያጣጥር ሰው ግን የሩቅ ንባብ አይጠበቅም፤ አጠገቡ ያለው ቀዶ ሐኪም ሆዱን በአልትራሳውንድ ቃኝቶ ይወስን፣ የራጁ ሪፖርት ኋላ ይደርሳል።