መልስ፦ ዩቲዩብ ፕሪሚየም ላይት ከፍዬ ዘፈን ላይ ለምን ማስታወቂያ ይመጣል?

ወንድሜ፣ ስልክህ አልተበላሸም። አሜሪካ ውስጥ በ2025 በወር 7.99 ዶላር የጀመረው ላይት (ርካሹ የዩቲዩብ ወርሃዊ ክፍያ) ከአብዛኛው ቪዲዮ ላይ ማስታወቂያ ያነሳል፤ ዘፈንና ሾርትስ (አጫጭር ቪዲዮዎች) ላይ ግን ሊመጣ ይችላል። ቤትህ ሙዚቃ ሲከፈት የሚውል ከሆነ ሙሉው ፕሪሚየም ይሻልሃል። እሱ በ2023 ከ11.99 ወደ 13.99 ዶላር ሲገባ ብዙ ሰው ተማሯል፤ እኔም ተወደደ ባይ ነኝ። ቢሆንም ከምትከፍለው ላይ ድርሻው ለቪዲዮ ሠሪዎቹ ይደርሳል። ማስታወቂያውን በሌላ ሶፍትዌር ዘግተን ስናይ ከማስታወቂያው ምንም አያገኙም፣ ይሄ ደግሞ ያሳዝነኛል። ብቻ አደራህን፣ ከአይፎን አፑ ውስጥ እንዳትገዛ! በ2023 ያው 13.99 የነበረው አገልግሎት እዚያ 18.99 ነበር። በብሮውዘር ገብተህ ክፈል። ሠሪው ራሱ በቪዲዮው መሃል «ስፖንሰራችን» እያለ የሚያስተዋውቀውን ግን የትኛውም ክፍያ አያጠፋውም፤ ወደፊት ማሳለፍ ነው።