ጥያቄና መልስ፦ አሞራ እንደ ፉርጎ ነው የሚቆጠር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሐረር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሐኪም ጋራ ወጣን። በዚያ ወቅት ከሩቅ አገር የሚመጡ ንስሮች በእኛ ሰማይ ያልፋሉ ሲባል ሰምተን ልንቆጥር ነው። ንጋት 12 ሰዓት ደረስን። እስከ 3 ሰዓት ተኩል በብርድ ተንቀጠቀጥን፣ አንድም አላየንም። ከዚያ ሰማዩ በአንዴ ሞላ። እኔ 214 ቆጠርኩ፣ እሱ 90። ያው ሰማይ፣ ያው ሰዓት! ልክ ማን ነው? ንስሮቹስ ከየት ነው የሚመጡት?

መልስ፦ እንደምገምተው ሁለታችሁም አልቀናችሁም፤ አንተ ግን ትብሳለህ። አትቀየመኝ።

እኔ ቆጠራ የተማርኩት ከፉርጎ ነው። ወጣት ሳለሁ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ስቀጠር የእቃ ባቡር ሲገባ ፉርጎ እየቆጠርኩ እመዘግብ ነበር። በገባሁ በሳምንቴ ግቢው ውስጥ ፉርጎዎቹ ወዲያ ወዲህ እየተገፉ ሲቀያየሩ ቆጠርኩና 31 ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ወርዶ ሲቆጥር 22 ሆነ። ዘጠኙን ደግሜያቸው ኖሯል። «ስማ አቦ፣ ባቡር በር ላይ ነው የሚቆጠር፤ ግቢ ውስጥ አይደለም» አለኝ። እስከ ጡረታዬ አልረሳሁትም።

አንተ ያየኸውም ግቢው ውስጥ ያለ ፉርጎ ነው። ንስር ትልቅ አሞራ ነው። ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ ልሂድ ቢል ጉልበቱ ያልቅበታል። ስለዚህ መሬቱ ሞቆ ሽቅብ የሚወጣ አየር እስኪያገኝ ይጠብቃል። ካገኘ በኋላ እየዞረ፣ እየዞረ ይወጣል። ሲዞር አንዱ ከሌላው ኋላ ይደበቃል፤ የቆጠርከውም ዞሮ ይመጣና አዲስ ይመስልሃል። 214 እንዲህ ሳይሆን አይቀርም የመጣው። ጓደኛህ ደግሞ ከላይ የነጠረውን፣ ጉንዳን ያክል የሚታየውን አላየም ብዬ እጠረጥራለሁ።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ጫፍ ሲደርሱ መዞር ያቆማሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው ተራ በተራ ወደሚቀጥለው ሙቅ አየር ይንሸራተታሉ። በሩ ይሄ ነው። ከቆምክበት አንድ ምልክት ያዝ፤ ዛፍም ይሁን የመስጊድ ሚናራ። ከምልክቱ ሽቅብ በሐሳብህ መስመር አስምር። መስመሩን ያለፈውን ብቻ ቁጠር። ተመልሶ የመጣ ካለ ቀንስ። ከበዙብህ በአሥር በአሥር ያዝ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ይይ፣ አንዱ ይጻፍ። ሁለቱም እያዩ ሁለቱም ሲጽፉ ጠብ ነው የሚተርፈው።

እኔ ለእያንዳንዱ 10 አሞራ አንድ ሽንብራ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ አዛውር ነበር። አንድ ቀን በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው ደንገጎ ተራራ ላይ፣ የተቆላ ሽንብራ ይዤ አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ሳያውቅ ከግራ ኪሴ ዘገነ። ስንት እንደበላ ስጠይቀው «ሦስት፣ አራት ብትሆን ነው» ይላል። ሠላሳ ይሁን አርባ ንስር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ሽንብራ ነው የምይዘው።

ብርዱን በተመለከተ፣ በከንቱ ነው የተቀጣችሁት። በኅዳር የሐረር ጠዋት መሬቱ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ንስሩም እንደ እናንተ ጸሐይ እየጠበቀ ነበር፣ ልዩነቱ ዛፍ ላይ ተኝቶ መሆኑ ነው። ቁርሳችሁን በልታችሁ 2 ሰዓት ተኩል ብትወጡ ይበቃል። ደንገጎ ከሆነ ጉሙ እስኪገፈፍ ደግሞ ጨምሩበት። ሻይ የምትቀዱት ግን ሰማዩ ባዶ ሲሆን ነው። እኔ የፔርሙዝ ክዳን ሳጠብቅ ያለፈኝን መንጋ አሁንም ይቆጨኛል።

ከየት ይመጣሉ ላልከው፣ ብዙዎቹ ከካዛክስታን፣ ከሩሲያና ከሞንጎሊያ የሣር ሜዳ የሚነሱ ቡናማ ንስሮች ናቸው። ባሕር ላይ እንደ የብስ ሽቅብ የሚወጣ ሙቅ አየር የለም። ስለዚህ ባሕሩ የሚጠብበትን ይፈልጋሉ፤ እሱም ባብ ኤል መንደብ ነው፣ ከየመን ወደ ጅቡቲ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ1980 ዓ.ም. ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጅቡቲ በኩል የቆጠሩ ሰዎች ወደ 246 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ አሞሮች መዝግበዋል። ከነዚህ ከ76 ሺህ በላዩ እነዚህ ንስሮች ነበሩ። ከጅቡቲ ድሬ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ የቡናና የጫት ፉርጎ ስንልክ እነሱ ከላያችን በተቃራኒው ይመጡ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ዋናው ሰሞን ጥቅምት ነው። ኅዳር ላይ የምታየው ጅራቱን ነው፤ እዚሁ ለመክረም የቀረውም አለበት። ለመጪው ዓመት ጥቅምት አጋማሽ ጀምሩ። በተለይ ኅዳር 12ን ተዉት፤ ኅዳር ሲታጠን ከተማው በሙሉ ጭስ ስለሚሆን ሰማዩን አታዩትም። በመጋቢት ሲመለሱ እንቆጥራለን ብላችሁም አትድከሙ፣ ከነዚህ ንስሮች ብዙዎቹ በግብፅ፣ በስዊዝ ቦይ በኩል ዞረው ነው የሚሄዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። እስከ 3 ሰዓት ተኩል ምንም አለማየታችሁን ደብተር ላይ ጻፋችሁት? ካልጻፋችሁ አሁን ጻፉት። ባዶ ሰዓትም ቆጠራ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ትልቅ ንስር ሞቶ አየሁ። ቁስል የለውም፣ እግሩ ጋ ላባው ተለብልቧል። መርዝ ይሆን?

መልስ፦ የተለበለበው ላባ ኤሌክትሪክ ነው ይላል። ይህ ንስር ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ምሰሶው ላይ አርፎ ሲነሳ ሁለት ሽቦ ባንዴ ከነካ ወይም ሽቦውንና ብረቱን ካገናኘ አለቀ። ትንንሾቹ ወፎች ሽቦ ላይ ተደርድረው ምንም የማይሆኑት ክንፋቸው ወዲያኛው ስለማይደርስ ነው። ፖርት ሱዳን አጠገብ የነበረ አንድ አሮጌ መስመር ለአሥርት ዓመታት ነጭ ጥንብ አንሳዎችን ሲፈጅ ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው ኃይሉ የተቋረጠው። ቡናማው ንስርም ነጭ ጥንብ አንሳውም በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ያየኸው ቀላል ነገር አይደለም።

ምሰሶውን አትንካ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ ካለ አትጠጋ። ንስሩንና ምሰሶውን በስልክህ ፎቶ አንሳ። ምሰሶው ላይ ቁጥር ካለ ጻፈውና ለመብራት ሰዎች ውሰድላቸው። ቁጥር ያለው አቤቱታ ቶሎ ሰሚ ያገኛል፤ ይህን ከመሥሪያ ቤት ኑሮዬ ነው የምነግርህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀጎል ስጋ ገበያ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶችስ ይቆጠራሉ? ባለፈው ከእጄ ግማሽ ኪሎ ወሰደብኝ። (አንዲት የሐረር እናት)

መልስ፦ እመቤቴ፣ እነሱ መንገደኞች አይደሉም፣ ደንበኞች ናቸው። ያደገው ጭልፊት ምንቃሩ ቢጫ ከሆነ የአፍሪካችን ልጅ ነው። ከእስያና ከአውሮፓ የሚመጣው ዘመዱ ምንቃሩ ጥቁር ነው። ሁለቱም ጅራታቸው መሐሉ ገባ ያለ ነውና ከንስር በዚያ ትለዪአቸዋለሽ። ለነገሩ ግማሽ ኪሎ ይዞ የበረረ ጭልፊት ሰምቼ አላውቅም። ሥጋ ሻጩን ሚዛኑን ጠይቂው።